የወይዘሮ ጥሩወርቅ የማክሰኞ ጾም

መስከረም 2014 ነበር። ወልድያ በጦርነቱ ተይዛ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ገበያው ጭር ብሏል። ከወንዝ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ኤደንን መንገድ ላይ አገኘኋት። ኤደን በአንድ ግቢ አብራኝ የተከራየች የሙአለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ከተዘጋው የመማሪያ ክፍሏ ካርቶን፣ ባለቀለም ወረቀት፣ ማጣበቂያ፣ ፕላስተርና መቀስ ተሸክማ መጥታለች። እኔም አስተማሪ ነኝና ሰው የመንቀፍ ክፉ ልማዴ አልተወኝም።

«ሰው የሚቀምሰው አጥቶ አንቺ ወረቀት ልትቆርጪ ነው?» አልኳት።

«የሚቀመሰው እንዲበረክት እኮ ነው፣ መምህር» አለችኝ። እኔ ግን አላመንኳትም።

የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሀብሩ ገጠር ተኩስ ሸሽታ የመጣችውን የሺን ከአራት ልጆቿ ጋር አስጠግተዋል። ያለንን እህል አንድ ላይ አድርገን ስምንት ሰው በቀን አንዴ ከአንድ ገበታ እንበላለን። ኤደን ካርቶኑ ላይ ለየቀኑ አንድ አንድ የወረቀት ኪስ ለጠፈች። ሽሮ፣ ንፍሮ፣ ጎመን፣ ቂጣ እያለች በትንንሽ ካርድ ጽፋ በፕላስተር ሸፈነቻቸው፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ካርዱ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጣልም። ከሥሩ ደግሞ ለእያንዳንዳችን ሰባት ቅጠል ያላት የወረቀት አበባ አበጀች። የበላ ሰው የዕለቱን ቅጠል ይገልጣል፤ እሑድ ጧት ሁሉም ተመልሶ ይታጠፋል።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ እህል አይቆጠርም። የቆጠሩት ዕለት በረከቱ ይሸሻል። እናቴ ከጎታ ስታወጣ ዓይኗን ጨፍና ነበር።»

«እማማ፣ የቆጠርኩት እህሉን አይደለም፤ በላተኛውን ነው።»

«ይባስ ብለሽ ሰው ቆጠርሽ?»

ክርክሩ ውሎ አደረ። ኤደን ያለውን ያወቀ ሰው ያብቃቃዋል ትላለች። እሳቸው የነገውን እግዜር ያውቃል፣ እሱ ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ። እኔ የተማርኩት ሰውዬ፣ ይግረማችሁና፣ ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎን ቆምኩ። ልጆቹ ግን ቅጠል መግለጡን ስለወደዱት፣ ለእነሱ ሲባል ካርቶኑ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ኤደን ጠርታ አሳየችኝ። የሰባታችን አበባ ፈክቷል። የወይዘሮ ጥሩወርቅ አበባ የተገለጠላት ቅጠል ሁለት ብቻ ነው። ገበታ ሲቀርብ «ጾም ነኝ፣ እናንተ ብሉ፣ እኔ ኋላ እቀምሳለሁ» ይሉን ነበር። አሮጊት ጾም ነኝ ካለች ማን ይመረምራል? በአፋቸው ይህን ይበሉ እንጂ፣ ሳይበሉ ቅጠሉን መግለጥ ግን አልሆነላቸውም።

ኤደን አጠገባቸው ተቀመጠች። «እማማ፣ ረቡዕና ዓርብ ይሁን። ማክሰኞ የምን ጾም ነው?»

«አይደርስማ፣ ልጄ። ሰው አስጠግቼ በቤቴ ላስርብ? እኔ ኖሬያለሁ፣ ይበቃኛል።»

«አይደርስም ያለዎት ማነው?»

«ማንም። በዓይኔ ገምቼ ነው።»

ኤደን ዕንባዋ መጣ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እህሉንም ለክቼዋለሁ። እርስዎን ስምንተኛ አድርጌ ነው የደለደልኩት፤ እስከ ኅዳር ማብቂያ ያደርሰናል። የእርስዎ ድርሻ አለ፣ እማማ። ማክሰኞም ነበረ።»

አፈርኩ። እኚህ ሴት እፊቴ ሲራቡ ሰንብተው እኔ ስለ በረከት እከራከር ነበር። የተራቡትም እህል ጠፍቶ አይደለም፤ ልኩን ባለማወቅ፣ በፍርሃት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ምግብን በቀን መደልደል ስስት እንዳይመስልህ። የሚበላውን ያብቃቃል፣ የጓዳ ጭቅጭቅ ይቀንሳል፣ «ነገ ምን እንበላለን?» ለሚል ሕፃን መልስ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን እንዳልበላ ያሳያል።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያን ቀን አብረውን ተቀምጠው በሉ። በልተው ሲያበቁ ኤደን የሚቀጥለውን ሳምንት ካርዶች ዘርግታ፣ «ለነገ እሑድ እርስዎ ምን ይወዳሉ?» አለቻቸው።

ባል ቀብረዋል፣ ልጆች ድረዋል፣ ስንቱን አብልተዋል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም መሰለኝ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው እንደ ልጃገረድ አፈሩ።

«ገንፎ» አሉ ቀስ ብለው። «ገንፎ ብለሽ ጻፊልኝ።»