በቀይ ያልተሰረዘው ጉድጓድ

— ሄሎ፣ ሙልጋራ ማደያ፣ ኖሊን ነኝ። … ማን ልበል? … ግሌኒስ? ትናንት ካራቫን፣ ያንን ተጎታች ቤት፣ እየጎተታችሁ መጥታችሁ ናፍታ የሞላችሁት ባልና ሚስት? … አወቅኩሽ። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ የሳተላይት ስልክ ይቆራረጣል።

— መኪናችሁን አሸዋ ያዘው … ከትናንት ማታ ጀምሮ። እሺ። ውሃ አላችሁ? … ሃያ ሊትር፣ ጥሩ። እስቲ ባልሽን፣ ሜርቭን፣ አቅርቢልኝ።

— የለም ማለት? … ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? … በእግሩ?

— ስንት ሰዓት ላይ ወጣ? … ሦስት ሰዓት። አሁን ስድስት ተኩል ሆኗል። ውሃስ ይዟል? … አንድ ጠርሙስ። … አይ፣ አልተቆጣሁም። ወዴት ነው የሄደው?

— የቱ ጉድጓድ?

— አንዴ ጠብቂኝ፣ እንዳትዘጊው። … ዳርሲ፣ ለከብት እርባታው በሬዲዮ ንገርልኝ፣ አውሮፕላናቸውን ያስነሱልን። ሰውየው ያላቸው እንዳያልቅ ሰግቶ፣ ተጨማሪ ውሃ አገኛለሁ ብሎ ግመል ጉድጓድ ወደሚባለው በእግሩ ሄዷል። … ደረቅ መሆኑንማ አውቃለሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ እየው፣ ሰርዘነዋል? … አልሰረዝነውም።

— አለሁ ግሌኒስ። አልደብቅሽም፣ ጉድጓዱ ከደረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ጉድጓድ ሲደርቅ እዚህ ካርታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የምሰርዘው እኔ ነኝ፣ ይሄኛውን ረሳሁት። ሜርቭ ትናንት በስልኩ ፎቶ ያነሳው ይህንኑ ካርታ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። … ስደቢኝ፣ መብትሽ ነው፣ ግን ኋላ ትሰድቢኛለሽ። አሁን የምልሽን አድርጊ።

— አይሆንም። … አይሆንም አልኩሽ። ዱካውን ተከትለሽ የትም አትሄጂም። አንቺም ከወጣሽ የምንፈልገው ሁለት ሰው ይሆናል። ከአውሮፕላን ላይ መኪና ይታያል፣ ሰው አይታይም። … ባልሽ ነው፣ አርባ ዓመት አብራችሁ ኖራችኋል፣ ገባኝ። ወንድሜም ጓደኛውን ሊፈልግ እንደወጣ ነው የቀረው። ጓደኛው በማግስቱ በሕይወት ተገኘ፣ ወንድሜ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ዝም ብዬ አይደለም እንዲህ የምልሽ። ቁጭ በይ።

— ጎበዝ። ስኮርታ አላችሁ አይደል? ከካራቫኑ ኋላ ፍቺና አውርጂው። … ልናቃጥለው ነው፣ ጎማ ይገዛል። ሳር ወደሌለበት፣ መንገዱ መሃል አንከባልይው፣ ከመኪናው ሃምሳ እርምጃ ይራቅ። ከትርፍ ጀሪካኑ ናፍታ አፍስሺበትና ለኩሺው። ቤንዚን እንዳትነኪ። ጥቁር ጭስ ነው የምፈልገው፣ ሜርቭም አብራሪውም ያዩታል። ስልኩን ሳትዘጊ ሂጂ።

— … ዳርሲ፣ ተነሱ? … እስኪደርሱ አርባ ደቂቃ? በዚህ ሙቀት አርባ ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለህ? … አይ፣ ሻይ አልፈልግም። ሬዲዮው ጋ ቁምልኝ።

— ሄሎ … ተያያዘ? … ወደ ላይ ወጣ? በርቺ። አሁን ጥላ ውስጥ ግቢና ጠጪ። እየጠጣሽ አውሪኝ፣ ዝም አትበይኝ።

— ምን ታየሽ? … በየት በኩል? … ሰው ነው ወይስ ካንጋሮ? … ነጭ ባርኔጣ። እየመጣ ነው? … ወደ ጎን? ጭሱን አላየውም እንዴ? … ወደቀ? … ተነሳ?

— አትሂጂ። ግሌኒስ፣ ቅርብ ይመስልሻል፣ እዚህ አገር ዓይን ይዋሻል። ናላው ዞሮበታል፣ የሚያየውን አያምንም። ጆሮው ግን ይሰማል። መኪናው ውስጥ ግቢና ክላክሱን ተጫኚ፣ እጅሽን አታንሺ። ስልኩን ወንበሩ ላይ አድርጊው፣ እኔ እሰማለሁ።

— … ይሰማኛል። … ዳርሲ፣ ያንን ሬዲዮ ቀንሰው። … አታቁሚ እህቴ። አታቁሚ።

— ለምን አቆምሽ? … ግሌኒስ? … ወጣሽ እንዴ? … ኧረ መልሺልኝ።

— … ማነው? … ሜርቭ?

— አትናገር፣ ተወው፣ ምላስህ ደርቋል። ትንሽ ትንሽ እየተጎነጨህ ጠጣ። እሷን ስጠኝ። … ግሌኒስ፣ አልቅሺ፣ ምንም አይደል። እያለቀስሽ ሸሚዙን አርጥቢለትና ካራቫኑ ስር አስተኚው። አውሮፕላኗ መንገድ ላይ ናት። … አይ፣ እኔንማ አታመስግኚኝ። ባትሪው እንዳያልቅ ዝጊው። … ዝጊው በቃ።

— … ዳርሲ፣ ተመልሷል። ቀዩን እስክሪብቶ አቀብለኝ።