ጓሳው ሁለት ዓመት ሲቀረው

(መንዝ፣ ጅባራ ሸለቆ፣ ማለዳ። የጓሳ ሣሩን መዘጋትና መከፈት የሚያውጁት ሽማግሌ አያ ጌጡ ጥሩምባቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አፋፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትናንት ከቆላ የወጣችው ደብሪቱ ፊታቸው ቆማለች፤ ከታች አገሬው ማጭዱን ይዞ ጥሩምባውን ይጠብቃል።)

አያ ጌጡ፦ ሊያጥሩት ነው አሉ። መስከረም ሲጠባ ከአፋፍ እስከ አፋፍ በሽቦ ሊያጥሩት ነው አሉ።

ደብሪቱ፦ ማን አለ?

አያ ጌጡ፦ ማን ያላለ አለ? ለፈረንጅ ማረፊያ ሊሠሩበት ነው አሉ።

ደብሪቱ፦ አያ ጌጡ፣ ከመጣሁ ወዲህ ስምንት ጊዜ «አሉ» ብለዋል። ይኼ ሁሉ ወሬ የሚወጣበት ቤት የት እንደሆነ ይጠቁሙኝና ሄጄ ባለቤቱን ላነጋግረው።

አያ ጌጡ፦ ምላስሽ እንደ አባትሽ ማጭድ ነው። ቀን አይመርጥም።

ደብሪቱ፦ የአባቴ ማጭድ አንድ ቀን ሳተ፤ እሱንም ከፍሏል። ዛሬ እርስዎ የሚስቱትን ማን ይከፍለዋል?

አያ ጌጡ፦ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጪ ጠበቃ ሆነሽ መጣሽ።

ደብሪቱ፦ ጠበቃ ያጣ ሰው ልጅ ሌላ ምን ትሆናለች? ወሬውን ቆላ ሰምቼ ስመጣ ወረዳ ገብቻለሁ፤ በር በሩን አንኳኩቼ ጠይቄያለሁ። የአጥር ወረቀት የለም። አንድ ነጋዴ ጠላ ቤት ተቀምጦ «እዚያ ላይ ሆቴል ቢሠራ ያምር ነበር» አለ። ወሬው ዳገቱን ሲወጣ ሽቦ አበቀለ፣ በቃ።

አያ ጌጡ፦ ወረቀት የለም ማለት ሐሳብ የለም ማለት አይደለም። ሽቦው መጥቶ ባዶ እጃችንን ብንቀር፣ እነዚህ ከታች የቆሙት መቃብሬ ላይ ነው የሚተፉት። ለባዕድ ከሚተርፍ ራሳችን እንጨደው ብለዋል።

ደብሪቱ፦ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ሁለት ዓመት ይቀረዋል፣ አያ ጌጡ። እጅዎን ሰደው ይዳብሱት፤ እንደ ሕፃን ጠጉር ነው። አሁን ቢያጭዱት ጣራ አይከድን፣ ገመድ አይወጣው። ጤዛውን የሚይዘው እሱ ነው፤ እሱ ሲላጭ ምንጩስ ምን ጠጥቶ ይፈልቃል?

አያ ጌጡ፦ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ዘጠኝ አባወራ ከረሃብ ተርፈው እዚህ ሸለቆ ሲገቡ፣ ገና ጎጆ ሳይቀልሱ ነው ታቦት ፊት ቆመው ይህን ሣር የዘጉት። አምስት ዓመት ተዘግቶ አንድ ወር ይከፈታል። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለተኛው የጓሳ አባት እኔ ነኝ። በሰባ ሰባት ጎረቤት አገር ከነልጁ ሲሰደድ፣ የእኛ ከብት ከዚህ ሜዳ ነው የተረፈ።

ደብሪቱ፦ አውቃለሁ።

አያ ጌጡ፦ ከየት ታውቂዋለሽ? ስትወጡ እኮ አምስት ዓመትሽ ነበር።

ደብሪቱ፦ ከአባቴ። እዚያ ቆላ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጅባራው ከነረጅም ግንዱ ውርጭ ለብሶ እንደ ዘብ ተሰልፎ እንደሚያድር፤ ጭላዳ ዝንጀሮው ፀሐይ ሲወጣ ከገደሉ ተንጠላጥሎ ወጥቶ እንደ ባላባት ቁጭ ብሎ እንደሚግጥ፤ ጉሙ ከየትኛው ስንጥቅ እንደሚመጣ። ትናንት ስወጣ ሁሉም ባለበት አለ። አንዱንም አልዋሸኝም።

አያ ጌጡ፦ አባትሽ ማንያዘዋል ሣር አዋቂ ነበር። ያን አልክድም።

ደብሪቱ፦ ለፍርድ ፊትዎ ሲያቀርቡት ምን ብለው ጠየቁት?

አያ ጌጡ፦ አጭደሃል ወይ አልኩት።

ደብሪቱ፦ ምን አለ?

አያ ጌጡ፦ አጭጃለሁ አለ። አንድ እስር። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ደብሪቱ፦ እናቴ አራስ ነበረች። ጣራው መኝታዋ ላይ ያፈስ ነበር። አንድ እስር ጓሳ ወሰደና ያቺን ቀዳዳ ደፈናት። እርስዎም እሳት የሚሰጠው አይኑር፣ ቢሞት የሚቀብረው አይኑር አሉ።

አያ ጌጡ፦ ሕጉ ነው ያለው። እኔ አይደለሁም።

ደብሪቱ፦ እሱም እንደዚያው ነበር የሚለው። እኔ ስረግምዎት ይቆጣኝ ነበር። «ፍርዱ ልክ ነው፤ ለእኔ ከላላ ለሁሉም ይላላል፤ ያኔ ሸለቆው የለም» ይለኛል። በጥቅምት ሲሞት እንኳ ወደ አገሬ መልሱኝ አላለም። የተከለከለ ሰው ነኝ፣ አታስቸግሯቸው ብሎ ነው የሞተው። በዚያች አንድ እስር ሣር አሥራ ስምንት ዓመት ተሰደድን። አሁን እርስዎ ሜዳውን ሙሉ በጠላ ቤት ወሬ ከከፈቱት፣ አባቴ ለምን ሞተ? እሷን ብቻ ይንገሩኝና እሄዳለሁ።

አያ ጌጡ፦ ሰዉ እየጠበቀኝ ነው።

ደብሪቱ፦ ይንገሩኝ።

አያ ጌጡ፦ ከባድ ነገር ተናገርሽ፣ ልጄ።

ደብሪቱ፦ እኔ ያደግሁት ተሸክሜው ነው።

አያ ጌጡ፦ እሺ። አልነፋም። ያሻቸውን ይበሉ። ነይ ደግፊኝ፤ ወርጄ እኔው ራሴ ልበትናቸው።

ደብሪቱ፦ ቀስ ብለው። ምርኩዝዎን ይያዙ።

አያ ጌጡ፦ ቆይ። ምንድነው የምሰማው?

ደብሪቱ፦ ዜማ ነው።

አያ ጌጡ፦ የአጨዳ ዜማ? ጥሩምባው እኮ እጄ ላይ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ሳይነፋ የሚታጨደው?

ደብሪቱ፦ እርስዎ ማመንታትዎን ሲያዩ ነዋ። ሳምንቱን ሙሉ በየደጁ «ሊያጥሩት ነው አሉ» ሲባል ሰንብቶ፣ አሁን ጥሩምባ ማን ይጠብቃል?

አያ ጌጡ፦ ሩጪ። ጥሪያቸው። የጓሳው አባት ከልክሏል በያቸው።

ደብሪቱ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይመልከቱ፤ ከምንጩ ጀምሮ ተበትነውበታል። ያቺ ቀይ ቀበሮ ግልገሏን በአፏ ይዛ ወዴት እንደምትገባ ጠፍቷታል።

አያ ጌጡ፦ ዓይኔ አያይልኝም።

ደብሪቱ፦ እንኳን አላየልዎት። ይቀመጡ።

አያ ጌጡ፦ በእኔ ዘመን። አሥራ አንድ ሰው ጠብቆት በእኔ ዘመን።

ደብሪቱ፦ ተዉ፣ አያ ጌጡ። እርስዎ አልነፉም። እኔ ለአባቴ ሄጄ መቃብሩ ላይ የምነግረው አገኘሁ። ሕጉን እንደ እሱ እስከ መጨረሻው ያከበረ አንድ ሰው ነበር እለዋለሁ። ይቅር ብዬዎታለሁ።

አያ ጌጡ፦ እንዲህ አትበይኝ።

ደብሪቱ፦ ከልቤ ነው።

አያ ጌጡ፦ ከልብሽ ስለሆነ ነው። እናንተ የወጣችሁበት ዓመት ጓሳው ደርሶ ነበር። ከሁለት ሽማግሎች ጋር ዞረን አይተን፣ ከዛሬ ጀምሮ ይከፈት ብለን ቆርጠን ነበር። ሁለቱም አሁን አፈር ናቸው። ማወጁ የእኔ ፋንታ ነበር። ሣሬን የምትጭነው በቅሎዬ አንክሳ ነበርና፣ እሷ እስክትድን ሌላው ቀድሞኝ ደህና ደህናውን እንዳያጭድ፣ አንድ ሳምንት አፌን ዘጋሁ።

ደብሪቱ፦ አባቴ ያጨደው…

አያ ጌጡ፦ አባትሽ ባጨደ ለት፣ ጓሳው ከተከፈተ አራት ቀኑ ነበር።