የአባ ጺም ጫፍ

ሰሞኑን ግራ የገባኝን ልንገራችሁ። ጎርጎራ ላይ ለጥናቴ ያነሳሁት የወፍ ላባ ቤተ ሙከራ ሲመረመር የውቅያኖስ ዓሣ ምልክት ተገኘበት። ወፏን ግን ከጣና ዓሣ ስትለቅም በዓይኔ አይቻታለሁ። ለካ ላባው የበቀለው ወፏ ከውቅያኖስ ዳር ተነሥታ ወደኛ ሳትመጣ ነው፤ ላባ ደግሞ ሲበቅል የተበላውን ይዞ ይቀራል። ይህንን ቁስቋም ላሉት የንስሐ አባቴ ሳጫውታቸው፣ "የሰውስ ጺም?" አሉኝ። አባ የመነኮሱት ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው ነው፤ ጺማቸው ከዚያ በፊት ጀምሮ መቀስ አልነካውም።

"ያው ነው አባ። ሥሩ የአሁኑን ምግብ ይይዛል፣ ጫፉ የድሮውን። ትንሽ ቆርጬ ላስመርምርልዎት?"

"ቁረጥ" አሉኝ። መቀስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ስጠጋ ግን እጄን ያዙኝ።

"ምነው አባ?"

"ጫፉ ላይ እሷ የሠራችው ወጥ አለ ማለት ነው?"

"ይመስለኛል።"

ጺማቸውን ሰብስበው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ መቀሱን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።