ጋሼ ሲሚንቶና የምንጩ ቤት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማለዳ ማለዳ እግሬን ለማፍታታት ወጣ እላለሁ። ባለፈው ማክሰኞም እንዲሁ ስዘዋወር ከምንጩ ቤት ደጃፍ ጭቅጭቅ ሰማሁ። የምንጩ ቤት ከሰፈራችን ግርጌ ያለ፣ የቀድሞ ሰዎች በጥርብ ድንጋይ የሠሩት የልብስ ማጠቢያ ነው። ዛሬ ሁሉም በየቤቱ ቧንቧ አለው። ቢሆንም ባልቴቷም ሙሽራይቱም ልብሷን ይዛ እዚያው ትወርዳለች፤ የሰፈሩ ወሬ የሚታጠበውና የሚሰጣው እዚያ ነዋ!

ከበሩ ስደርስ ጎረቤቴ፣ ሽማግሌው ግንበኛ፣ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ አቡክተው ቆመዋል። በከተማችን ምክር ቤት የቅርስ ክፍል የምትሠራው የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ እጆቿን ዘርግታ ከልክላቸዋለች። ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያዛቸው ይህን ግድግዳ ሲለስኑ ስለኖሩ ሰፈሩ «ጋሼ ሲሚንቶ» ይላቸዋል። እኔም ከነግትርነታቸው እወዳቸዋለሁ።

«እንኳን መጡ መምህር! እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። «አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ አባቴ የገነባውን ግድግዳ አይንኩ ትለኛለች!»

«አጎቴ፣ ከነገ ወዲያ ምክር ቤቱ ይሰበሰባል» አለች። «ግድግዳው አብጧል፤ ሰው ላይ ሳይወድቅ ይፍረስ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ ደግሞ በቅርስነት ተመዝግቦ ይጠገን ብዬ ጽፌያለሁ። አሠራሩን የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር ማንም የለም። መጥተው ካልመሰከሩልኝ ይፈርሳል።»

«ምክር ቤት መንገዱን ይጥረግ፣ ቆሻሻውን ያንሳ! እዚህ ምን አገባው? ዛሬ ይመዘግቡታል፣ ነገ ታፔላ ይሰቅሉበታል፣ ከዚያ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ይከቱታል። ሴቶቹ የት ሊያጥቡ ነው? እኔ እያለሁለት ወረቀት ምን ያደርግለታል?»

እውነቱን ለመናገር፣ የቁልፉ ነገር እኔንም ከነከነኝ።

«ፍርሃትዎስ ትክክል ነው» አለች ልጅቱ፣ ሳትቆጣ። «ስብሰባው ለነዋሪው ክፍት የሆነው ለዚህ እኮ ነው። ይመዝገብ፣ ግን አይቆለፍ የሚለውን እርስዎ ካልተናገሩት ማን ይናገረው? ዕድሜ ይስጥዎ እንጂ፣ ከእርስዎ በኋላስ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኛ ስናልፍ ወረቀቱ ይያዝልን ነው የምለው።»

«ሞኙ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ከቦርሳዋ አንድ ረጅም ሚስማር አወጣችና «አይቆጡኝ» ብላ ልስኑ በተሰነጠቀበት በኩል በሁለት ጣቶቿ ብቻ ወደ ድንጋዩ ገፋችው። ሚስማሩ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ እስከ አናቱ ሰመጠ።

ጋሼ ሲሚንቶ ባልዲውን አስቀመጡ። ቀረብ ብለው ሚስማሩን ሲነቅሉት እርጥብ የድንጋይ ዱቄት ተከትሎት ወረደ።

«አያቴ በምን ነበር የገነቡት?» ስትል በዝግታ ጠየቀቻቸው።

«በኖራ። ኖራ ይተነፍሳል፣ ግድግዳው ከምንጩ የጠጣውን መልሶ ያወጣዋል ይል ነበር።» ዱቄቱን በጣታቸው አሹት። «ሲሚንቶ ሲመጣ ጠንካራ ነው ተባለ። ለአባቴ ሥራ ጠንካራው ይገባዋል ብዬ ነው እኮ...»

«ሲሚንቶው ውሃውን ውስጥ አፍኖ አስቀረው፤ ድንጋዩም በሰበሰ። በእርስዎ ብቻ አልፈርድም አጎቴ። አርባ ዓመት ሲለፉ ከምክር ቤቱ አንድ ሰው መጥቶ አላማከረዎትም።»

እኔም አፈርኩ። በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌ «እግዜር ይስጥልኝ» ብያቸው ወደ ቤቴ ሄጃለሁ! የጋራ ቤትን ለአንድ ደግ ሰው ጥሎ መተኛት ለቤቱም ለሰውየውም ግፍ መሆኑ ያን ዕለት ገባኝ።

ሐሙስ ምሽት የምክር ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሼ ሲሚንቶ ኮታቸውን ለብሰው ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ኖራው፣ ስለ አባታቸው ተናገሩ። ሊቀመንበሯ «ታዲያ እንዲህ ያበላሸው ማነው?» ብትል ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «እየወደድኩት።»

ከብዙ ክርክር በኋላ ቤቱ በቅርስ መዝገብ እንዲሰፍር፣ ሳይቆለፍ ለአጣቢዎቹ እንዲያገለግል፣ በየዓመቱም በባለሙያ እንዲታይ ተወሰነ። ከእንግዲህ ምክር ቤቱንና ሰፈርተኛውን ሳያማክር አንዲት ድንጋይ የሚነካ አይኖርም። የሚያጥቡት ሴቶች ግድግዳ ይናድብናል ብለው አይሰጉም፤ የኖራውም ጥበብ ከሽማግሌው ጋር አይቀበርም። ይህን ሁሉ ያተረፍነው አንድ ምሽት ቁጭ ብለን በመነጋገራችን ነው።

ሊቀመንበሯ በመጨረሻ «ጥገናውን እርስዎ ይመሩልናል፤ ምን ይሟላልዎት?» ስትል ጠየቀቻቸው።

ጋሼ ሲሚንቶ የወንድማቸውን ልጅ አዩ።

«ኖራውን አውቀዋለሁ፣ ድንጋዩንም አውቀዋለሁ» አሉ። «አርባ ዓመት ያጣሁት ስሳሳት ተው የሚለኝ ሰው ነው። እሷን ስጡኝ።»