የግቢ ወፍና የማሳ ወፍ

አያ እንግዳው በዚያ የጥቅምት ቀን ከማማ የወረዱት ፀሐይ ገና ሳትበርድ ነበር። ማሽላቸው እሸት ይዟል፤ ወፍ ከጎህ እስከ ምሽት ይወርድበታል፤ ጠባቂው ደግሞ እርሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለቱ ልጆቻቸው ጂዳ ከገቡ ቆይተዋል። በሰባ ዓመት ጉልበት ማማ ላይ ወንጭፍ ሲወነጭፉ መዋል ቢመርራቸው ከገበያ አንድ ጠርሙስ የተባይ መርዝ ገዙ፤ ወፍ የተባለን ሁሉ ሊፈጁ ቆረጡ። መቼም የቸገረው ሰው የማያስበው የለም።

ሰቆጣ ዳር ካለው ቤታቸው ሲደርሱ ግን በር ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ። ተከራያቸው መክሊት፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ ሰፌድ ይዛ ጓሮ ውስጥ ጥሬ ትበትናለች። ዙሪያዋን ወፍ ነው። ሽማግሌው አንገታቸው ላይ ያለውን ወንጭፍ ዳሰሱ፤ ወፎቹን አዩ፤ ልጅቱን አዩ፤ የማን ቤት እንደገቡ ግራ ገባቸው።

«ልጄ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንዴት ዋሉ አያ? ለወፎቹ ብጣሪ እየሰጠሁ ነው።»

«ለወፎቹ?»

«አዎ።»

«እኔ ሳባርራቸው ውዬ አንቺ እቤቴ ግብር ታበያቸዋለሽ?»

መክሊት ሳቋን ዋጥ አድርጋ በርጩማ አቀረበችላቸው። ቁጣ የቆመ ሰው ላይ እንደሚበረታ ታውቃለች።

«አይቆጡኝ አያ። ማሳዎ ላይ በመንጋ የሚወርደው ግሪሳ ነው። እነዚህ የግቢ ወፎች ናቸው። ግሪሳ እዚህ ጓሮ ሲወርድ አይተው ያውቃሉ?»

አሰቡ። አላዩም። «ወፍ እንደሆነ ወፍ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልጠነከረም።

«ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ እኮ ጥሬ ነፍጌያቸው ነበር። ምን በልተው ከረሙ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«የጎመንዎን ትል። የጎረቤትዎን የእትዬ ጥሩአየሁን ጎመን ትል ወንፊት አድርጎት የለ? እዚያ ወፎቹን ድንጋይ ይጠብቃቸዋል፤ እዚህ ውሃና ጥሬ። የእርስዎ ጎመን ደኅና ነው።»

«እሱማ ጠበል ረጭቼበት ነው።»

«ጠበሉን ማን ነቀፈ አያ? እግዚአብሔርስ ሲረዳ ሠራተኛ አይልክም?»

ይህ ንግግር ጭራሽ አደናገራቸው። ዕድሜ ልካቸውን ወፍን በጠላትነት ሲያውቁት ኖረው፣ አሁን ጠላታቸው ከጠበል ጋር ተሰልፎ መጣ። ብድግ አሉ።

«የሆነው ይሁን። ማሽላዬ ካለቀ ከርሞ እንደገና የእርዳታ ስንዴ ጠባቂ መሆኔ ነው። ያንን አልደግመውም» ብለው ጠርሙሱን ከጋቢያቸው ሥር አወጡና ወደ ወፎቹ የውሃ ገበቴ አመሩ።

መክሊት መንገድ አልዘጋችባቸውም። «ከማፍሰስዎ በፊት ገበቴውን ይዩት» አለች ብቻ።

አዩት። ጠርዙ ላይ ንቦች ተደርድረው ውሃ ይጠጣሉ። የማን ንቦች እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ በየዓመቱ ነጭ ማር የሚቆርጡበት ቀፎ ከዚያ አሥር እርምጃ አይርቅም። ደነገጡ፤ አፈሩም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ» አሉና ጠርሙሱን ሰጧት። «ማሽላዬንስ ማን ይጠብቅልኝ?»

«ከአያ ደረሰ ማሳ ጋር ድንበርተኛ አይደሉ? ለአጨዳ ደቦ ትወጣላችሁ። ለጥበቃ ለምን ተራ አትገቡም?»

አያ እንግዳው ወንጭፋቸውን ከአንገታቸው አወለቁ።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ወፉን ወደ ደረሰ ማሳ ነው የማባርረው።»

«እሳቸውስ?»

«እሱማ ወደ እኔ ነዋ።»

ይህንን ከአፋቸው ሲሰሙት ለራሳቸውም ገረማቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለት ሽማግሌዎች አንድን መንጋ ሲቀባበሉ ኖረዋል ማለት ነው።

መርዙን መክሊት በማግሥቱ ወስዳ ለግብርና ባለሙያ አስረከበች። ሁለቱ ጎረቤቶችም በሁለቱ ማሳ ድንበር ላይ አንድ ማማ ሠርተው ተራ ገቡ፤ ወፉን ከሁለቱም ማሳ አርቀው ከማሳው ባሻገር ወዳለው ገደል ያባርሩት ጀመር። ያን ዓመት ማሽላው ጎተራ ገባ፤ ማሩ ተቆረጠ፤ የአያ እንግዳው ጉልበትም በየሁለት ቀኑ አረፈ። እትዬ ጥሩአየሁ ሳይቀሩ ጓሯቸው ውስጥ የውሃ ገበቴ አኖሩ። ምክር የሰማ ሰው እንዲህ ይጠቀማል።

አንድ ነገር ብቻ እስከ አጨዳው ድረስ አልጠራላቸውም። ተራቸው ደርሶ ማማ ላይ በተቀመጡ ቁጥር አንዲት ወፍ ለብቻዋ ከፊታቸው ስታርፍ ወንጭፉን ያነሳሉ፤ መልሰው ያወርዱታል።

«አንቺ» ይሏታል በመጨረሻ፣ «የግቢ ነሽ የማሳ?»

መልስ ስለማያገኙ ድንጋዩን ራቅ አድርገው ይወረውሩታል።