ለእማኝ የማይነበብ ቁልፍ

ተቆጥቶ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ታክሲው እንደሆነ ቁጣውን አይሰማለትም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ ከሚጠብቁት መካከል ጎረቤቴን ሀጂ ሀምዱን ሳይ ሳቄን ዋጥኩ። ሀጂ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቅ ሰው ናቸው። በዚያ ጠዋት ስልካቸውን ወደ ፊቴ አስጠግተው፣ «መምህር፣ እስቲ ይህን ጉድ ይመልከቱልኝ» አሉ።

ጉዱ አጭር መልእክት ነበር። ልጃቸው ኑሕ ዱባይ መኪና እያሽከረከረ ያጠራቀመውን የሚልክላቸው «ከረጢት» በሚባል የስልክ አገልግሎት ነው። የሚልከው ባንክ የሚገባ ብር ሳይሆን ክሪፕቶ የሚሉትን፣ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚኖር ገንዘብ ነው። አገሩ ገብቶ ጋራዥ ሊከፍት ያሰበበት ሁሉ እዚያ ተቀምጧል። መልእክቱ ከረጢት በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋ ይናገርና፣ ደንበኛው አገልግሎቱ ስልኩ ላይ የሚያሳየውን አሥራ ሁለት የምስጢር ቃላት በወረቀት ገልብጦ እንዲይዝ፣ ለማንም እንዳይነግር ያዝዛል። ያንን ያላደረገ ገንዘቡን ዳግም አያገኘውም።

ሀጂ ወደ ድርጅቱ ቢሮ የሚሄዱት ሰው ይዘው ለመምጣት ነበር። ከአስር ሶላት በኋላ ሦስት እማኞች ቤታቸው ጠርተዋል፤ አንዱ እኔ መሆኔን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የድርጅቱ ሰው ቆሞ ቃላቱን ያስረክባል፣ ቃላቱ ይነበባሉ፣ እኛ እንፈርማለን። ቤት ሲሸጥም፣ ብድር ሲመለስም፣ ጋብቻ ሲፈርስም እንዲህ ነው የሚደረገው። እውነቴን ነው የምለው፣ እኔም ያስተማርኩትን ሁሉ ይዤ ነገሩ ልክ መሰለኝ።

«ይቅርታ ሀጂ፣ ሳላስበው ሰማሁ» አለች ከኋላችን የተሰለፈች ልጅ። ዞር ስንል ኤልዳና ናት፤ የሰፈራችን ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ የምትዘምር። ከረጢት ውስጥ እንደምትሠራ እኔም ሀጂም አናውቅም ነበር። መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ ስትል ሀጂ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ታክሲው መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ፤ እኛ ግን ማዞሪያው ዳር ካለች ሻይ ቤት ገባን።

ሀጂ ነገራቸውን በጨዋ ደንብ ጀመሩ። ዕድራቸው አንድ ጊዜ ለሁለት ሲከፈል ድንኳኑም ድስቱም በአባላት ፊት ተቆጥሮ ነው የተካፈሉት። ድርጅት ከፈረሰ የሰው ገንዘብ አውጥቶ ያስረክባል እንጂ ቃል ገልብጡ ብሎ ይሰናበታል ወይ? ኤልዳና እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ገንዘቡ ድርጅቱ ዘንድ ኖሮ እንደማያውቅ አስረዳች። የኑሕ ገንዘብ የተመዘገበው ብዙ ኮምፒውተሮች በየአገሩ ሆነው በጋራ በሚጠብቁት መዝገብ ላይ ነው፤ ከረጢት ያንን ማያ መስኮት ብቻ ነበር። መስኮቱ ቢዘጋ ቃላቱን የያዘ ሰው በሌላ መስኮት ይገባል። አለቃዋ በሳምንት ውስጥ ዘግተን እንሂድ ብሎ እንደነበር፣ ሰው ቃላቱን የሚያወጣበት ጊዜ እንዲሰጠው ተከራክራ ወራት እንዳስጨመረች እግረ መንገዷን ነገረችን።

«ደግ አድርገሻል፤ ታዲያ እማኙ ምን አጠፋ?» አሉ ሀጂ። «ያለ እማኝ የተያዘ ንብረት ነገ ክርክር ነው።»

ኤልዳና ትንሽ አሰበችና፣ «ሀጂ፣ መጋዘንዎን ሲገዙ እማኞች ነበሩ?» አለች።

«ሦስት። ለዛሬም የጠራሁት ዳባ አንዱ ነው።»

«ሲፈርሙ የመጋዘኑን ቁልፍ አስቀርጸው ለእያንዳንዳቸው ሰጧቸው?»

«አብደሻል ልጄ? ለእማኝ ቁልፍ ማን ይሰጣል!»

«እነዚህ ቃላት ቁልፉ ናቸው፤ ውሉ አይደሉም። የሰማቸው ሁሉ መጋዘኑን ከፍቶ መውሰድ ይችላል። እኔም ብሰማቸው ያው ነኝ። ስለዚህ ለእኔም አይንገሩኝ።»

ሀጂ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የልጅቷን ንግግር እንደ ጨርቅ በጣታቸው እየዳሰሱ የሚመረምሩት መሰሉ። የተረቱ መስሎኝ ነበር፤ አልተረቱም።

«ወንድሜ ገንዘቡን የት እንዳኖረ ለአንድ ሰው ሳይናገር ሞተ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጆቹ ግድግዳ ሲያፈርሱ ከረሙ። ምንም አላገኙም። እኔ ሰባ አልፌአለሁ። ለማንም አትንገር ትይኛለሽ፤ ነገ ብሞት ኑሕ የማንን ግድግዳ ያፍርስ?»

ወጣቶች ሲጽፉ ሰው የሚሞት አይመስላቸውም፤ ይህ የእኔ ትዝብት ነው እንጂ ኤልዳና አላለችም። እሷ ያለችው፣ «ይህንን መልእክቱ ላይ አልጻፍኩም፤ መጻፍ ነበረብኝ» ነው። ክርክሩ ምክክር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ቃላቱን ሀጂና ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋሪዳ ብቻ እንዲያውቁ፣ ወረቀቱ ታሽጎ ፋሪዳ ዘንድ እንዲቀመጥ፣ እማኞቹ ደግሞ ገንዘቡ የኑሕ መሆኑንና ፖስታው የት እንዳለ እንጂ በውስጡ ያለውን እንዳያዩ ተስማሙ። ኤልዳና አንድ ነገር ጨመረች፦ ከረጢት ከመዘጋቱ በፊት፣ ፋሪዳ በራሷ ስልክ ላይ በሌላ አገልግሎት ቃላቱን አስገብታ ገንዘቡን ትመልከት።

«እኔ እያለሁ ፋሪዳን ምን አደከማት?» አሉ ሀጂ።

«እርስዎ ከሌሉ የሚከፍቱት እሳቸው ስለሆኑ።»

ከአስር ሶላት በኋላ ከኤልዳና ጋር ሀጂ ሳሎን ተሰበሰብን። ባልና ሚስቱ ጓዳ ገብተው በር ዘጉ። ሀጂ ጽፈው እንደጨረሱ ወጥተው አጠገባችን ተቀመጡ፤ ፋሪዳ ብቻዋን ትሞክር ተባለ። ዳባ ስለ ዝናቡ አንድ ሁለት ነገር አወራ። ፋሪዳ በሩን ከፈት አድርጋ፣ «ስህተት ነው ይለኛል። ደግሜም ሞክሬዋለሁ» አለች።

የሀጂ ፊት አመድ መሰለ። ኤልዳና ብድግ አለች፣ ግን ጓዳ አልገባችም። በሩ ጋ ቆማ ወረቀቱን እንዳያሳዩዋት፣ አጻጻፉን ብቻ የሀጂ ስልክ ላይ ካለው ጋር እንዲያነጻጽሩ ለመነቻቸው። ሀጂ ገቡ። የፋሪዳ ድምፅ «እኔ ከዚህ ነው የጀመርኩት» ሲል ሰማን። ከዚያ ሀጂ፣ «ያ አላህ!» አሉና ሳቃቸው መጣ፤ እንባ ያለበት ሳቅ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ሀጂ ብዕር የጨበጡት ቁርዓን ቤት ነው፤ እስከ ዛሬ የሱቃቸውን ዕቃ ሲመዘግቡ ከቀኝ ይጀምራሉ። ቃላቱንም በየመስመሩ ሦስት ሦስት አድርገው ከቀኝ ወደ ግራ ደርድረዋል። ፋሪዳ ደግሞ የተማረችው ማታ ትምህርት ቤት ነው፤ እንደ ማንኛችንም ከግራ ጀመረች። ቃሉ ልክ ሆኖ ተራው ከተዛባ ቁልፉ አይዞርም። በየቃሉ ላይ ቁጥር ጻፉበትና እንደገና ሞከረች።

«መጣ» አለች ፋሪዳ። «የልጄ ገንዘብ መጣ።»

ሀጂ ወጥተው ኤልዳና ፊት ቆሙ። «ወረቀቱ በፋሪዳ እጅ እያለ ገንዘቡ ሊጠፋ ነበር» አሏት። «ዛሬ ፊት ለፊት ባትሞግቺኝ ኖሮ እንዲሁ ታሽጎ ይቀመጥ ነበር። ለቀሩት ደንበኞችም ይህን ጻፊላቸው፤ ቁጥር አድርጉበት፣ የሚተካችሁ ሰው ራሱ ከፍቶ ይየው በያቸው።» በዚያው ምሽት ጻፈችላቸው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንዲሉ፣ ሱቅ የሚዘጋ ሰው ደንበኛውን ጨለማ ውስጥ ጥሎ ሳይሆን በሩን አሳይቶ ሲሄድ ስሙ ይከበራል። ደንበኛውም ምስጢሩን ከሌባ ሲደብቅ ከወራሹ አለመደበቁን ካረጋገጠ እንቅልፍ ያገኛል። አሮጌው ልማድና አዲሱ ብልሃት እርስ በርስ የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ከዚያ ሳሎን ተማርኩ።

ፊርማው ላይ ሲደረስ ዳባ ብዕሩን ይዞ ቆመ። ያላየነውን እንዴት እንፈርማለን አለ። ኤልዳና ልትመልስ ስትል ሀጂ በእጃቸው ያዝ አደረጓት።

«ዳባ፣ መጋዘኔን ስገዛ ፈርመህልኛል። ቁልፉን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ዳባ ሳቀና ፈረመ። እኔና ሦስተኛው እማኝም ተከተልን። ፋሪዳ ፖስታውን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ የሀጂ ስልክ ጮኸ፤ ኑሕ ነበር፣ ስለ ከረጢት መዘጋት ሰምቶ ተጨንቋል። ሀጂ እስኪጨርስ አዳመጡት።

«አይዞህ ልጄ» አሉት። «ገንዘብህ እናትህ ዘንድ ነው።»