አምስት ግልባጭ ያለው ምስጢር

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። የዚያን ዕለት እንጦጦ ላይ የነፈሰው ነፋስ እንደ ዋዛ የሚነገር አይደለም። የአንዱን ዲያቆን ጃንጥላ ከኪዳነ ምሕረት ደጅ ነጥቆ ላምበረት መናኸሪያ፣ የደሴ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አሳረፈው፤ ጃንጥላውም ሳይሳፈር ደሴ ገባ የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለ ነፋስ የአቶ ፍቅረማርያምን ፖስታ ቢቦጭቀው ምን ይገርማል?

አቶ ፍቅረማርያም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት የሠሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው። ወረቀቶቻቸው ወደ ባሕር ዛፉ ሲበተኑ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሮጡ። የመጨረሻዋን በጫማዋ ረግጣ ያስቀረችላቸው የጎረቤታቸው ልጅ ማዕዶት ነበረች። እሷም እዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቆማ በሚቀበለው ሥነ ምግባር ክፍል ከተቀጠረች ስምንት ወሯ ነው።

“ጋሼ፣ ለማንበብ ብዬ አይደለም፣ ዓይኔ አርፎበት ነው” አለች ወረቀቱን እያራገፈች። “ከላይ ‘ጥብቅ ምስጢር’ ይላል። ከታች ደግሞ አምስት ግልባጭ አለው።”

“ደንቡ ነዋ፣ ልጄ።”

“ሦስተኛው ግልባጭ ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ለዶክተር ሠረቀብርሃን ነው። የተከሰሱት እኮ እሳቸው ናቸው።”

“ሰውን ከኋላው ማማት ነውር ስለሆነ ነው። ይወቁት ብዬ ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘውድነሽ የምትባል የኮንትራት ጽዳት ሠራተኛ አለች። ዶክተሩ የቤተ ሙከራውን ያገለገለ አሲድ በባልዲ ተሸክማ፣ በባዶ እጇ የእጅ መታጠቢያው ላይ እንድትደፋ ያዝዟታል። ጓንት ብትጠይቅ በሩ ክፍት ነው አሏት። ባለፈው ሳምንት ሳሙና ልትወስድ ንብረት ክፍል ስትመጣ ጣቶቿ እንደተቀቀለ ድንች ተልጠው ነበርና፣ ብዕር ጨብጣ መፈረም አቃታት። አቶ ፍቅረማርያም ይህን አይተው እህል አልወርድ አላቸው። ሄደው ላምበረት ያለ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ተቀመጡ። ያ ሰው ያለ ግልባጭ መጻፍ አያውቅም፤ ለሚስቱ የላከውን የእርቅ ደብዳቤ እንኳ ለወረዳው ግልባጭ አድርጎታል ይባላል። እሳቸውም ነገ ማለዳ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ሊያስገቡ ቆርጠዋል።

ማዕዶት የዘውድነሽ ኮንትራት መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀቻቸው። በወሩ መጨረሻ ነው። የሚያድሰውስ ማን ነው? የሚያድሱት ዶክተሩ ናቸው።

“ደብዳቤው መዝገብ ቤት ከገባ እስከ ምሳ ሰዓት ካፌው ሁሉ ያወራዋል” አለች። “ስሟ ሦስት ቦታ ተጽፏል። እሷ ግን መጻፉን ታውቃለች?”

አታውቅም። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ግራ ገባቸው፤ ቢናገሩ ልጅቷን ከእንጀራዋ ሊያፈናቅሏት ነው፣ ዝም ቢሉ ጣቷ ሊያልቅ ነው።

“እኔ ቢሮ ይምጡ። ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ፣ ስሟ አያስፈልገንም። የእርስዎን ስም እኔና ኃላፊዬ ብቻ እናውቀዋለን።”

ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። ስም የለሽ ወረቀት ስንቱን ሰው እንዳስበላ በዓይናቸው አይተዋል፤ በስተርጅና ጆሮ ጠቢ ተብለው መቀበር አይፈልጉም።

“ስም የለሽ ወረቀትንማ እኔም እፈራዋለሁ” አለች ማዕዶት። “ለዚህ ነው ስምዎን የምንጠይቅዎ። ውሸት ከሆነ የምንጠይቀው ሰው አለ። እውነት ከሆነ ደግሞ የሚበቀሉት ሰው አይገኝም።”

“ስም አለው፣ ግን የለውም? ይህን ለመፍታት ቅኔ ቤት መግባት ሊኖርብኝ ነው።”

ማዕዶት ቡልጋ ስለነበሩት አያታቸው ጠየቀቻቸው፤ አውጫጭኝ ሲቀመጥ ዳኛ ነበሩ ብለው ሁልጊዜ ይኮሩባቸው የለም? ሽማግሌው ደስ አላቸው። በሬ ሲሰረቅ አገሬው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ አያታቸው እንዲያውም አንዴ ሕዝቡን ይዘው ከመቆየታቸው የተነሣ ሜዳው ላይ ሁለት ሰርግ ተሠርጓል።

“ያየው ሰውስ ሌባው ፊት ቆሞ ይናገር ነበር?”

“ያብዳል እንዴ? ቤቱን ያቃጥልበታል። ለማሉት ሽማግሎች በጆሯቸው ይነግራቸዋል። እነሱም ‘ወፍ ነገረን’ ይላሉ። የወፏን ስም ከሽማግሎቹ በቀር ማንም …”

እዚህ ላይ አቆሙ። ማዕዶት አልሳቀችባቸውም፤ መልካም ልጅ ናት።

“የማለ ሽማግሌ ግን አንድ ነገር ነው” አሉ፣ “የስምንት ወር ቅጥር ሌላ።”

“እውነትዎን ነው። ማንም አይጠረጥርዎትም ብዬ አልዋሽዎትም። ከእኔ አፍ አይወጣም ነው የምለው። ስምዎ የግድ የሚያስፈልግበት ቀን ቢመጣ፣ መጀመሪያ እርስዎን እንጠይቃለን። እምቢ ካሉ እዚያው ይቀራል።”

ሽማግሌውን ያሳመናቸው ይህ ነው፤ ምሎ ከሚገዘት ይልቅ የማይችለውን ቀድሞ የሚነግር ይታመናል። አቶ ፍቅረማርያም ደብዳቤውን ከነግልባጮቹ አንድ በአንድ ቀደዱ፤ ሦስተኛውን ግን ነውር ሆኖባቸው መጨረሻ ላይ ቀደዱት።

ሰኞ ሄደው ያዩትን ተናገሩ። ከሳምንት በኋላ ፍተሻ መጣ፤ በአንድ ሳይሆን በሁሉም ቤተ ሙከራዎች ነውና ከየት እንደተነሣ ማንም አላወቀም። አሲዱ ክዳን ባለው ጀሪካን እንዲጠራቀም ሆነ። ለጽዳት ሠራተኛ ሁሉ ጓንት ታዘዘ፣ ኮንትራት ማደስም ከቤተ ሙከራ ኃላፊዎች እጅ ወጣ። ዶክተሩ ለጥያቄ ተጠርተው ከኃላፊነታቸው ታገዱ። በሹክሹክታ የተነገረች አንዲት እውነት ዘውድነሽን ብቻ ሳይሆን የማታውቃቸውን ሠላሳ ሴቶች እጅ አዳነች፤ አደባባይ ወጥታ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትበላው ራሷን ዘውድነሽን ነበር።

ዘውድነሽ ጓንት ልትወስድ ንብረት ክፍል መጣች። ኮንትራቷ ታድሷል፤ ጣቶቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል።

“የተናገረልንን እግዜር ይስጠው፣ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም” አለች። ቀጥሎ ቀና ብላ አየቻቸው። “እርስዎን ግን ታዝቤዎታለሁ፣ ጋሼ። ይህን እጄን አይተው ዝም ማለትዎ።”

አቶ ፍቅረማርያም ‘የተናገርኩት እኔ ነኝ’ ሊሏት ቃጣቸው፤ ከኋላዋ ግን አራት ሴቶች ተሰልፈዋል።

“መካከለኛው ይበቃሻል ወይስ ትልቁን ላምጣልሽ?” አሉ።

“ፋሻው ስላለ ትልቁን” አለች፣ ሳታያቸው።

ትልቁን አምጥተው ሰጧት፣ እስክትፈርምም ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ያዙላት።